አርማታና ውሃው

ቤት የሚያሠራ ሰው ከመሰሉ ጋር ሲገናኝ ወሬው ከሲሚንቶ ዋጋ ይነሣና ወደ ፌሮ ይሻገራል፤ አሸዋና ጠጠርም ተራቸው አይቀርም። ውሃ የሚነሣው ከቧንቧ ጠፍቶ በቦቴ ሲገዛ ብቻ ነው። ይሁንና ኮለኑ ዘመን ይሻገር ወይስ ቶሎ ይፈርፈር የሚለውን በብዛት የሚወስነው ይኸው ማንም የማይጨነቅለት ውሃ ነው።

አርማታ ፌሮ የገባበት ኮንክሪት ነው። ኮንክሪት ለብቻው ጭነት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። የሚችለው የመሳብ ኃይል ከሚችለው ጭነት አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው። ፌሮ በበኩሉ ቢስቡት አይበገርም፤ ነገር ግን ቀጭን ስለሆነ በቁመቱ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል፣ ቃጠሎ ሙቀቱን 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያደርሰው ደግሞ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1867 ጆሴፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ የሽቦ መረብ ውስጡ በገባበት የሲሚንቶ የተክል ገንዳ የፈጠራ መብት ወሰደ። በ1892 ደግሞ ፍራንስዋ ኤንቢክ ሐሳቡን ወደ ሕንፃ ወራጅና ኮለን አመጣው።

ጋብቻው የሚጸናበት አንድ የተፈጥሮ ዕድል አለ። ብረትና ኮንክሪት ሙቀት ሲነካቸው የሚለጠጡት ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በአንድ ሜትር ላይ የሚሊሜትር መቶኛ ያህል። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ቢለጠጥ ኖሮ የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ብቻ ይለያያቸው ነበር።

ፌሮ መግባቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ የት ገባ የሚለው ይበልጣል። በሁለት ኮለን ላይ ያረፈ ወራጅ ሲጫን መሐሉ ይረግባል፤ ላዩ ይታመቃል፣ ታቹ ይለጠጣል። ስለዚህ መሐሉ ላይ ዋናው ፌሮ ከታች ይሆናል። ከግድግዳ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጫፉ ወደ ታች ሲያዘነብል የሚለጠጠው ላዩ ነው፣ ፌሮውም ከላይ መቀመጥ አለበት። ብዙ በረንዳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፌራዮው ፌሮውን በትክክል ከላይ ያስረዋል፤ በሙሌቱ ቀን ባሬላ የያዙ ሠራተኞች እየረገጡ ይመላለሱበታል፤ ኮንክሪቱ ሲሸፍነው ፌሮው ታች ወርዷል። ከውጭ ምንም አይታይም።

ወደ ውሃው እንመለስ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ይመስለናል። አይደለም። ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ስለሚሆን ነው፤ ለዚህም ነው ከውሃ በታችም የሚጠነክረው። ለውሕደቱ የሚያስፈልገው ውሃ የሲሚንቶውን ክብደት ሩብ ያህላል፤ ለ50 ኪሎ ከረጢት 12 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ብቻ ግን ድብልቁ ድርቅ ስለሚል በፌሮው መሐል አይገባም፤ እንዲታዘዝ ተብሎ ወደ 25 ሊትር ይደረስና እዚያ ይቆማል። መቆም የነበረበት ማለቴ ነው። ድብልቁ ሲከብድ ሠራተኛው አንድ ባልዲ ይጨምራል፤ ቀለለለት ብሎ ሌላ ይደግማል። ትርፉ ውሃ ቀስ በቀስ ተንኖ ሲወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል። እንጀራ ላይ የሚመሰገነው ዓይን ኮለን ውስጥ ሲገኝ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደፍ ኤብራምስ ቺካጎ ውስጥ ደጋግሞ ፈትኖ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ውሃው ከሲሚንቶው አንጻር በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል። ሲሚንቶ መቀነስ ስርቆት ነው ብለን እንቆጣለን፤ ውሃ የሚጨምረውን ግን ጎበዝ ሠራተኛ እንለዋለን። ውጤቱ አንድ ነው።

መቆጣጠሪያው ቀላል ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ከላይና ከታች ክፍት የቆርቆሮ ቆብ አለ። ድብልቁ በሦስት ዙር ይሞላበታል፣ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፣ ከዚያ ቆቡ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ክምሩ ምን ያህል እንደወረደ በሜትር ይለካል። ተንጣሎ እንደ ሾርባ ከፈሰሰ ውሃው አልፏል።

የሚገርመው፣ ሲቦካ ውሃ የተትረፈረፈለት ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ይነፈገዋል። ከማግሥቱ ጀምሮ ቢያንስ ለሰባት ቀን እንደራሰ መቆየት አለበት፤ ኮለን በጆንያ ተጠቅልሎ ይጠጣል፣ ሶሌታ ዙሪያው ተገድቦ ውሃ ይተኛበታል። እኛ ዘንድ ይህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ገበያው ላይ የሚበዛው ፒፒሲ ነው። ፒፒሲ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብሮት የተፈጨ ሲሚንቶ ነው። ጥሩ ሲሚንቶ ነው፣ ግን ጥንካሬውን ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ከኦፒሲ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሰበስባልና ረዘም ያለ ጊዜ መጠጣት ይፈልጋል። የባሕር ዛፉን ድጋፍ ለማንሣት መቸኮልም አያዋጣም።

ዝገትም ያው የውሃ ነገር ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ውስጡ አልካሊ ስለሆነ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ወይም ፌሮው ከፎርምወርኩ ጋር ተጣብቆ ከተሞላ ግን አየርና እርጥበት ይደርሱበታል። ዝገት ከበላው ብረት በእጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይልጠዋል። ትንንሽ የሲሚንቶ መደገፊያዎች ከፌሮው ሥር የሚገቡት ለዚህ ነው። ለቀጣዩ ፎቅ ተብሎ ጣሪያ ላይ ለዓመታት ተጋልጦ የቆመ ፌሮም መጀመሪያ ዝገቱ ተፍቆ ውፍረቱ ይለካ።

 የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ስታፋን፣ ማለፍም አይቻልም። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ሰው ስለ ኮለኑ ውፍረት ተጨነቀ። ኮለን ሲናወጥ የሚጎዳው በአብዛኛው ራሱና እግሩ ላይ ነው፤ እዚያ ስታፋው ካልተጠጋጋ ኮንክሪቱ ይረግፋል፣ ቋሚዎቹ ፌሮዎችም ይጎብጣሉ። የስታፋው ጫፍ ወደ ኮለኑ እምብርት በ135 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈው ሽፋኑ ሲረግፍ ይከፈታል። ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት ቆጥሮ ማየት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ አይቻልም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ጎኑ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ነው። በሙሌቱ ዕለት ከዚያው ድብልቅ ይወሰድና በ28ኛው ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ይጨፈለቃል። ሲ-25 የተባለ ኮንክሪት ከሆነ ወደ 57 ቶን መሸከም አለበት። ችግሩ፣ በ28ኛው ቀን አሠሪው ቀጣዩን ፎቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ኩቦች በ7ኛው ቀን ይሰበራሉ፤ ያኔ የሚጠበቀው ከመጨረሻው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፣ ፒፒሲ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከዚያ በጣም ከወረደ ሥራውን አቁሞ ኢንጂነሩን መጥራት ነው፤ አንድ ፎቅ እንኳ ላዩ ላይ ሳይጨመርበት።