ባለቤቱ ያልጻፈው

እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ፓልም ፓይለት በሚል ስም የታወቀው የኪስ ማስታወሻ ለገበያ በቀረበ ጊዜ፣ ሰውን ያስደነቀው የመጠኑ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ከኮምፒዩተር ጋራ በተያያዘው መቀመጫው ላይ አኑረው አንዲት ቍልፍ ሲጫኑ፣ በኪስ ያለው መዝገብና በጠረጴዛ ያለው መዝገብ ተናበው አንድ መሆናቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሆትሲንክ የተባለው ይህ ማናበብ ከተፈጸመ በኋላ፣ ባለቤቱ አንዱን ወዳጁን ሁለት ሆኖ፣ የሰረዘውንም ቀጠሮ እንደ አልዓዛር ከመቃብር ተነሥቶ ሲያገኘው፣ «ይህን ማን ጻፈው?» ማለቱ አልቀረም።

ጸሓፊው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው። በመሣሪያው ውስጥ እያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ ቍጥርና ጥቃቅን ምልክቶች አሉት፤ ሲታረም «ተለውጧል»፣ ሲሰረዝም «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ፣ መለያው እስከሚቀጥለው ማናበብ ድረስ ፈጽሞ አይፋቅም። እንግዲህ የአንድ ሰው ስልክ ቍጥር በኪሱ መዝገብ በአንድ መንገድ፣ በጠረጴዛው ደግሞ በሌላ መንገድ ታርሞ ቢገኝ፣ መሣሪያው የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመፍረድ ሥልጣን ስለሌለው፣ እንደ መጻሕፍት መምህራን «አንድም» ብሎ ሁለቱንም ያኖራቸዋል፤ ባንዱ ወገን የተሰረዘው በሌላው ወገን ታርሞ ከተገኘም፣ ከስረዛው ይልቅ እርማቱን አክብሮ ይመልሰዋል። እኔ ይህን ፍርድ አልነቅፈውም፤ የተደገመውን መሰረዝ የደቂቃ ሥራ ነው፤ የጠፋውን ግን ከየት ያመጡታል?

የሚያሳፍረው ሌላው ነው። ኮምፒዩተሩ ባለቤቶቹን የሚለየው በስም ነበርና፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ብዙዎች በሚገለገሉበት ኮምፒዩተር ላይ አዲሱ ባለ መሣሪያ ከተደረደሩት ስሞች የባልደረባውን በስሕተት የመረጠ እንደ ሆነ፣ የዚያ ሰው ቀጠሮና የወዳጆቹ ስም ዝርዝር ሳይጐድል ወደ ኪሱ ይገለበጥለታል።

እንዲህ ያለውን ትርምስ ለማጥራት፣ አንዱ መዝገብ ሌላውን ጨርሶ እንዲተካው የሚያዝዝ ምርጫ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን «አንድም» የለም። ፓይለት ደረቅ ባትሪው አልቆ ከቈየ የያዘውን ሁሉ የሚረሳ ነበርና፣ ባዶ መሣሪያ ይዞ የኪሱ የጠረጴዛውን እንዲተካ ያዘዘ ሰው፣ ያልጻፈው ነገር መገኘቱ ቀርቶ የጻፈው ሁሉ ከሁለቱም ወገን ጠፍቶ ያገኘው ነበር።