ፕሬዚዳንቱ የታክስ ወረቀቱን የማሳየት ግዴታ የለበትም

እናቱን ወይም ሚስቱን ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ለማምጣት ያመለከተ ሰው አይ-864 የሚባለውን ፎርም በደንብ ያውቀዋል። ስፖንሰር የሚሆነው ሰው ቢያንስ የመጨረሻውን ዓመት የታክስ ሪተርን ማያያዝ አለበት። ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ ካልደረሰ ሌላ ስፖንሰር ፈልግ ይባላል። ቤት ለመግዛት ብድር ስንጠይቅም ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ሪተርን አምጡ ይለናል። ልጃችን ኮሌጅ ገብቶ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ሲፈልግ ደግሞ የወላጅ የታክስ መረጃ ይታያል። ታክሲ የሚነዳው፣ ኡበር የሚሠራው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት የምታድረው ሁሉ ይህን ያደርጋሉ፤ ማድረጋቸውም ተገቢ ነው።

ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ግን ይህንኑ ወረቀት ለመራጩ እንዲያሳይ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የለም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። በየምርጫው ሲወጣ ስላዩት ሕግ ይመስላቸዋል። ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ልማዱ ከየት እንደመጣና የት ላይ እንደተሰበረ ላስረዳችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ ምንም ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1978 የወጣው የመንግሥት ሥነ ምግባር ሕግ እጩዎችና ባለሥልጣናት ሀብታቸውንና የገቢ ምንጫቸውን በፎርም እንዲያሳውቁ ያዛል። ያ ፎርም ግን ሀብቱን የሚያሳየው «ከዚህ እስከዚህ ዶላር» በሚል እርከን ነው፤ የመጨረሻው እርከን «ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ» ይላል። ሰውየው 51 ሚሊዮን ይኑረው 900 ሚሊዮን አይለይም። ምን ያህል ታክስ እንደከፈለ፣ ምን ያህል ኪሳራ አስመዝግቦ ከታክሱ እንደቀነሰ ደግሞ ጨርሶ አይነግርም። ይህን የሚናገረው የታክስ ሪተርኑ ብቻ ነው።

ልማዱ የተወለደው ከሪቻርድ ኒክሰን ውርደት ነው። በኦክቶበር 1973 በሮድ አይላንድ የሚታተመው የፕሮቪደንስ ጋዜጣ ሪፖርተር ጃክ ኋይት፣ ፕሬዚዳንቱ በ1970 የከፈሉት የፌዴራል ገቢ ታክስ 792 ዶላር፣ በ1971 ደግሞ 878 ዶላር ብቻ መሆኑን አወጣ። የፕሬዚዳንቱ ደመወዝ በዓመት 200,000 ዶላር ነበር! በዚያው ወር ምክትላቸው ስፒሮ አግኒው በ1967 ያገኙትን 29,500 ዶላር ለታክስ ባለማሳወቅ ተከሰው፣ ክሱን ሳይከራከሩ ተቀብለው ከሥልጣን ወርደዋል። በአንድ ወር ውስጥ የአገሪቱ ሁለት ከፍተኛ ሰዎች የታክስ ጉዳይ አደባባይ ወጣ።

ኒክሰን ታክሱን እንዲህ ያሳነሱት እንዴት ነው? ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ያከማቿቸውን የግል ወረቀቶች ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሰጥተው፣ የስጦታው ዋጋ 576,000 ዶላር ነው ተብሎ ተገመተላቸው፤ ያንን በየዓመቱ ከሚታከስ ገቢያቸው ይቀንሱ ጀመር። ኮንግረስ ግን ከጁላይ 25 ቀን 1969 በኋላ ለሚሰጥ እንዲህ ያለ ስጦታ ቅናሹን ከልክሏል። የወረቀቶቹ ሳጥኖች ቀደም ብለው መጋዘን ገብተው ነበር፤ ስጦታውን የሚያረጋግጠው ሰነድ ግን የተዘጋጀው በ1970 ነው። ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ማርች 1969 ተብሎ ተጻፈበት። በዚህ ጉዳይ የዋይት ሐውስ የሕግ ባለሙያ የነበረው ኤድዋርድ ሞርጋን ጥፋቱን አምኖ ታስሯል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ የሚከተለው ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ የፕሬዚዳንቱን የ1971 እና የ1972 ሪተርኖች አስቀድሞ መርምሮ ነበር። መርምሮም በጁን 1973 ትክክል ናቸው፣ በጥንቃቄ ተሠርተዋል የሚል የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላቸው። ጋዜጣው ካጋለጠ በኋላ የኮንግረሱ የታክስ ኮሚቴ ባለሙያዎች እንደገና ሲያዩት ከእነ ወለዱ 476,431 ዶላር ዕዳ አገኙባቸው። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች ሥራ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። የሚመረምሩት ሰው ግን የአለቆቻቸውን አለቃ የሚሾም ሰው ነበር።

«እኔ ሌባ አይደለሁም» የምትለውን የኒክሰን ንግግር ብዙዎቻችን ከዋተርጌት ስርቆት ጋር እናያይዛታለን። የተናገሯት ግን በኖቬምበር 1973 ፍሎሪዳ ውስጥ በጋዜጣ አዘጋጆች ፊት ስለ ግል ገንዘባቸው ሲያስረዱ ነው። በዚያው መድረክ ከፕሮቪደንስ የመጣ አዘጋጅ የታክሱን ጉዳይ ፊት ለፊት ጠይቋቸዋል። ከሳምንታት በኋላ ሪተርኖቻቸውን ራሳቸው ይፋ አደረጉ፤ ምርመራ ላይ ያለ ሪተርን ማውጣት እንደሚቻልም በዚያ ታየ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንቶች በሙሉ ለማለት ይቻላል ሪተርናቸውን ወይም ማጠቃለያውን በፈቃዳቸው ሲያወጡ ኖሩ። አይአርኤስም ከ1977 ጀምሮ የፕሬዚዳንቱና የምክትሉ ሪተርን በየዓመቱ ኦዲት ይደረግ የሚል መመሪያ አወጣ። መመሪያው ግን የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ደንብ እንጂ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ አይደለም።

በ2016 ዶናልድ ትራምፕ ኦዲት ላይ ነኝ ብለው ሪተርናቸውን ሳያሳዩ ቀሩ፤ ልማዱም ተሰበረ። አንድም ሕግ አልጣሱም። በሴፕቴምበር 2020 ኒው ዮርክ ታይምስ ሰነዶቹን አግኝቶ በ2016 እና በ2017 የከፈሉት የፌዴራል ገቢ ታክስ በየዓመቱ 750 ዶላር መሆኑን ጻፈ። በሌላ በኩል የተወካዮች ምክር ቤት የታክስ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሪቻርድ ኒል በአፕሪል 2019 የስድስት ዓመት ሪተርን ይሰጠኝ ብለው ጠይቀው ነበር። የተጠቀሙበት ሕግ በ1924 የወጣና ኮሚቴው የማንንም ሰው ሪተርን እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ነው። ጥያቄው በፍርድ ቤት ሲጓተት ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንገዱን የከፈተው በኖቬምበር 2022፣ ሰነዱ ለሕዝብ የወጣው ደግሞ በዲሴምበር 30 ነው። ትራምፕ በዚያን ጊዜ ሥልጣን ከለቀቁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር።

በሰነዱ ውስጥ ትራምፕ በ2018 ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደከፈሉ፣ በ2020 ደግሞ ምንም እንዳልከፈሉ ታይቷል። ኪሳራን እያዛወሩ ታክስ መቀነስ ሕጋዊ ነው፤ ሕገ ወጥ ሥራ ሠርተዋል እያልኩ አይደለም። ለእኔ ትልቁ ግኝት ሌላ ነው። በየዓመቱ ይደረጋል የተባለው ኦዲት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አልተጀመረም፤ በአራቱ የሥልጣን ዓመታትም አንድም አልተጠናቀቀም። ለምርመራ መመረጡን የሚገልጸው የመጀመሪያ ደብዳቤ የተጻፈው ኒል ጥያቄያቸውን ባቀረቡበት በዚያው ቀን ነው። ከኒክሰን ወዲህ 45 ዓመት አልፎም መርማሪው ተመርማሪውን እንደፈራ ነው።

«የግል ጉዳይ ነው» የሚለውን ክርክር አከብራለሁ። የእኔም፣ የናንተም ሪተርን በምስጢር መያዝ አለበት። ነገር ግን እኔ የታክስ ሕግ ላይ አልፈርምም፣ የአይአርኤስ ኃላፊም አልሾምም። የሕጉ ፈራሚ የትኛው አንቀጽ ኪሱን እንደሚጠቅም ማወቅ መብታችን ነው። አንድ ዓመት ብቻ ማሳየትም አይበቃም። ጆርጅ ሮምኒ በ1967 ለፕሬዚዳንትነት ሲዘጋጁ የ12 ዓመት ሪተርን ያወጡት ለዚህ ነበር፤ አንዱ ዓመት ለታይታ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ልጃቸው ሚት ሮምኒ ግን በ2012 ያሳዩት የሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ሕግ ከሌለ የሚቀረው መንገድ ሹልክ ብሎ የሚወጣ መረጃ ነው። ለኒው ዮርክ ታይምስ የትራምፕን ሰነድ የሰጠው የአይአርኤስ ኮንትራክተር ሠራተኛ በጃንዋሪ 2024 አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። የሌሎች ብዙ ሀብታሞችን መረጃም አውጥቷልና ቅጣቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሕዝብ ሊያውቅ የሚገባውን ለማወቅ አንድ ሰው ወህኒ መውረድ ካለበት ግን ጉድለቱ የሥርዓቱ ነው።

አገር ቤት ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተመራጮች፣ ተሿሚዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል፤ የተመዘገበውም ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል። የቤተሰብን ሀብት ግን በምስጢር ይይዛል። ሀብት በሚስት፣ በባልና በልጅ ስም ሊቀመጥ በሚችልበት አገር ይህ አንቀጽ መዝገቡን ግማሽ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ። ጋዜጠኞችና የሕግ ባለሙያዎች ክፍት የተባለውን ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም፣ ዝምታውንም አሳውቁን።

እዚህ ያለን ዜጎች የምንጠይቀው ግልጽ ነው። በዲሴምበር 2022 የተወካዮች ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንቱ ሪተርን በሕግ ኦዲት እንዲደረግና ለሕዝብ እንዲወጣ የሚያዝ ረቂቅ በ222 ድምፅ ለ201 አጽድቆ፣ ሴኔቱ ሳያየው ቀርቷል። የምርጫ ካርድ ያላችሁ ሁሉ ለሁለቱ ሴናተሮቻችሁና ለተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ። ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን ተናገሩና፣ ይህ ረቂቅ እንደገና ቢመጣ ድምፅ ትሰጣላችሁ ወይስ አትሰጡም ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ያልቀናው አባት ወይም እናት ካለም ልጆቻቸው ይደውሉላቸው።