ከጽዳት በኋላ የኮምፒዩተር መዘግየት

ከጽዳት በኋላ የኮምፒዩተር መዘግየት የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ሳጥን ተከፍቶ አቧራው ከተጠረገ በኋላ ማሽኑ ከበፊቱ ይልቅ ቀርፋፋ ሆኖ የሚገኝበት ችግር ነው። ሳጥኑ በኢትዮጵያ በተለምዶ «ሲፒዩ» ይባላል፤ ሲፒዩ ግን በትክክል በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ብቻ ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ በጽዳቱ ወቅት የተነቃነቀ ወይም ተመልሶ በደንብ ያልገባ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ሲዘገይ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ የላላ ፋን አያጠብቅም፤ ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ግን ያጠፋል።

በጉለሌ ያለው ሁኔታ

ጉለሌ ክፍለ ከተማ በሰሜን አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። የኮምፒዩተር ፋን ሙቀትን የሚያስወጣው በአየር ስለሆነ፣ እኩል ቢሽከረከርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የአካባቢው ብርድ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ስለዚህ ደህና የተገጠመ ማሽን ያለ ችግር ይሠራል፤ ነገር ግን በቆላ ከተማ ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችል ትንሽ የአገጣጠም ስሕተት እዚህ ቶሎ ይታያል።

በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ፣ ከየቤቱ የሚወጣው የማገዶ ጭስ፣ በሽማኔዎቹና በባህል ልብስ ገበያው በሚታወቀው ሽሮ ሜዳ ደግሞ የጥጥ ብናኝ አለ። ጥጥ ከአቧራ ይብሳል። በማቀዝቀዣው ብረት ቀጫጭን ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፍና አየሩን ይዘጋል። ስለዚህ ማጽዳቱ ራሱ ስሕተት አይደለም።

ሙቀት

የመጀመሪያው ጥያቄ ኮምፒዩተሩ መቼ ነው የሚዘገየው የሚል ነው። ሲከፈት ፈጣን ሆኖ ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚደክም ከሆነ፣ ተጠርጣሪው ሙቀት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2000 ካወጣው ከፔንቲየም 4 ጀምሮ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ከገደቡ ሲደርስ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ገደቡ ለብዙዎቹ ዘመናዊ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ማሽኑ የሚዘገየው እንዳይቃጠል ራሱን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሆኖ 3.2 ጊጋኸርዝ መሆን የሚገባው ፍጥነቱ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ከቆየ፣ ሙቀቱ እንደ ኤችደብሊው ሞኒተር ባለ ፕሮግራም ይለካል። ሥራ በሌለበት ጊዜ ፍጥነቱ ዝቅ ማለቱ ግን ጤናማ ነው፤ ኃይል ለመቆጠብ ነው።

ሙቀቱ ከፍ ያለ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶና ከሶኬት ተነቅሎ ማቀዝቀዣው ይታያል። በብዙ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ፋን በአራት የፕላስቲክ እግሮች ይያዛል። በጽዳት ጊዜ አንዱ ብቻ ከተነሣ ብረቱ ያዘነብላል፤ በዓይን ሲታይ ግን የተቀመጠ ይመስላል። እግሮቹ በሰያፍ ጥንድ ጥንድ እየተደረጉ፣ እያንዳንዱ ቀጭ እስኪል ድረስ ይጫናሉ። ማቀዝቀዣው ከተነሣ ደግሞ በመካከል ያለው የሙቀት ቅባት እንደ ነበረ መመለስ የለበትም። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ አዲስ የአተር ፍሬ ያህል ይደረጋል። አንዳንዶች በምትኩ የሚቀቡት የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ሲደርቅ ዋጋ ያጣል። የፋኑ ገመድም በቦታው መሰካቱ፣ በሳጥኑ ጀርባ ያለው ፋን ደግሞ አየር ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አለመንፋቱ ይታያል።

ራም እና ሃርድ ዲስክ

ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀርፋፋ ከሆነ፣ በታስክ ማናጀር ላይ የራሙ መጠን ይነበባል። 8 ጊጋባይት የነበረው 4 ብቻ ካሳየ፣ አንዱ ራም በደንብ አልገባም። ወጥቶ፣ የወርቅማው ጠርዝ በላጲስ ቀስ ተብሎ ተጠርጎ፣ ፍርፋሪው ተራግፎ ይመለሳል።

የሃርድ ዲስኩ ቀጭን የሳታ ገመድ ከላላም ማሽኑ መረጃውን ደጋግሞ ስለሚጠይቅ ፋይል መክፈት ደቂቃዎች ይወስዳል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ቁጥር 199 የሆነው መስመር እንዲህ ያለውን የገመድ ስሕተት ይቆጥራል። ቁጥሩ አንዴ ከወጣ አይወርድም፤ የሚያሳስበው ገመዱ ከተስተካከለ በኋላም መጨመሩን ከቀጠለ ነው። እዚያው ፕሮግራሙ ዲስኩ ራሱ መበላሸት መጀመሩን ካመለከተ፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ፋይሎቹ ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣሉ።

የማዘርቦርዱ ባትሪ

ከጽዳት በኋላ ሰዓቱና ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሱ፣ ሲአር2032 የሚባለው ክብ የ3 ቮልት ባትሪ አልቋል። ኮምፒዩተሩ ሶኬት ላይ እንደ ተሰካ ሲቆይ ድክመቱ ይሸፈናል፤ ለጽዳት ሲነቀል (ወይም መብራት ሲጠፋ) ግን የባዮስ ቅንብሮች ይጠፋሉ፣ ራሙም በዝቅተኛ ፍጥነት ሊሠራ ይችላል። ቀኑ የተሳሳተ እንደሆነ ብሮውዘር ብዙ ድረ ገጾችን አልከፍትም ስለሚል፣ ባለቤቱ ኢንተርኔት የዘገየ ይመስለዋል። ባትሪው ከርካሾቹ መለዋወጫዎች አንዱ ነው።

አጸዳድ

አንዳንዶች ሳጥኑን ወደ ጎሚስታ ወስደው በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ያስነፋሉ። አየሩ ኃይለኛ ከመሆኑ ሌላ በታንኩ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃና ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አይመከርም። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና አነስተኛ መንፊያ ይበቃል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በእጅ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ያልተቀባ የሳጥኑ ብረት ይነካል። በሚነፋበት ጊዜ የፋኑ ምላጭ በጣት ይያዛል። ካልተያዘ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ሊጎዳ ይችላል፤ በኋላ የሚሰማው የማንገራገር ድምፅ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።