ሞግዚት ከመቅጠር በፊት

አንዲት ሠራተኛ እናት የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል ደላላ ሞግዚት ያመጣላታል። መጀመሪያ የምትጠይቀው ተያዥ ነው። ተያዥ መልካም ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊ የሚሆነው ለሚጠፋ ንብረት ነው። ሕፃኑ ቀን ሙሉ እንዴት እንደሚያዝ እርሱ ምን ያውቃል?

ከፖሊስ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃም ቢሆን የሚናገረው በመዝገብ ስላለ ነገር ብቻ ነው። ለዚህ የእንግሊዟ ከተማ የሶሃም ታሪክ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያ ሁለት የ10 ዓመት ሴቶች ልጆችን የገደለው ሰው የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ተንከባካቢ ነበር። ቀድሞ በኖረበት ክፍለ ሀገር በልጃገረዶችና በሴቶች ላይ በደል አድርሷል እየተባለ በተደጋጋሚ ለፖሊስ አቤቱታ ቢቀርብበትም አልተፈረደበትም። ሥራውን የጠየቀው በሌላ ስም ነበር፤ ይዞት የመጣውን የድጋፍ ደብዳቤም በሚገባ ያጣራ አልነበረም። ይህን ያጋለጠው በ2004 የወጣው የአጣሪው ሪፖርት ነው።

እንግዲህ እናቶች፣ ስሟን ከመታወቂያዋ ጋር አመሳክሩ። ደብዳቤ ይዛ ከመጣች የቀድሞ አሠሪዋን ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ «ለምን ለቀቀች?» ብቻ ሳይሆን «ሕፃኑን ለእርሷ ብቻ ትተሽ ትወጪ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እርሷም ሠራተኛ ናትና ጥያቄው በአክብሮት ይሁን፤ የምትገባበትን ቤት ጠባይ መጠየቅም መብቷ ነው።

ከገጠር ገና የመጣች ከሆነች የሚጠየቅ አሠሪ የላትም። ያን ጊዜ ዘመዶቿን ማነጋገር፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም አያት ወይም አክስት አብራት እንድትውል ማድረግ ያስፈልጋል።