የአራቱ ጎማ ሂሳብ

የጎማ ጎን በምስማር ከተበሳ አይጠገንም። መሬት የሚረግጠው ፊት ላይ ቢሆን ጎሚስታው ከውስጥ ለጥፎበት በጥቂት ዶላር ይሸኘናል፤ ጎኑ ላይ ከሆነ ግን ጎማው ተጥሎ ሌላ ይገዛል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መኪና እኩል ነው። ከዚህ በኋላ ኮሮላ የሚነዳው ሰው አንድ ጎማ፣ ቢበዛ ጥንድ ገዝቶ መንገዱን ይቀጥላል። የእኔን ሱባሩ ያየ ጎማ ሻጭ ግን "አራቱም ይቀየሩ" ይላል። አንዱ 130 ዶላር ቢሆን 520 ዶላር መሆኑ ነው፤ ለአንዲት ምስማር።

ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ "ሊበሉን ነው" ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም ሊበሉን ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ሻጩ ልክ ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ደንበኛ ደግሞ መቼ እሺ እንደሚል፣ መቼ እንደሚከራከር ይለያል።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ከዴንቨር ጋር አጥር ለአጥር የሆነች ከተማ ናት፤ ሀበሻው ከመብዛቱ የተነሳ እንጀራ ለመግዛት ሩቅ መሄድ ቀርቷል። ሥራዬ ሆስፒታል፣ የሌሊት ተራ ነው። በረዶ ሲጥል ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የቢሮ ሰው ከቤቱ ይሠራል፤ በሽተኛ ግን በስልክ አይገላበጥም። ስለዚህ አራቱም ጎማዋ የሚነዳ ትንሽ መኪና ፈልጌ ያገለገለች የ2018 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ገዛሁ። ኢንዲያና የተሠራች፣ ባለ አምስት በር፣ የኋላ መስታወቷ ከነበሩ ወደ ላይ የሚከፈት ናት። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ፎቶዋን አይቶ "ወፈር ያለች ቪትዝ ናታ!" ብሎ ደመደመ።

ቀጥሎም "ፎር ዊል ከሆነች ታዲያ ጭቃ አይበግራትም" አለኝ። ይበግራታል እንጂ። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው 13 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ክሮስትሬክ የሚባለው የዚችው መኪና ወንድም 22 ሴንቲሜትር ከፍ ስለሚል ኮረኮንች መንገድ ላይ ይሻላል፤ ቢሆንም ሁለቱም እንደ ላንድክሩዘር ለዳገትና ለማጥ የሚገባ ቀርፋፋ ማርሽ የላቸውም። የተሠሩት ለሚያንሸራትት አስፋልት ነው።

የጎማውን ነገር ለመረዳት ኃይሉ እንዴት እንደሚከፋፈል ማየት ያስፈልጋል። መኪና ሲታጠፍ አራቱ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም፤ የውጪዎቹ ረዘም ያለ፣ የውስጦቹ አጠር ያለ ዙር ይዞራሉ። የግራና የቀኙን ልዩነት ዲፈረንሻል ያስታርቀዋል፤ ይህ በማንኛውም መኪና ላይ አለ። አራቱም ሲነዱ ግን የፊትና የኋላውንም የሚያስታርቅ ያስፈልጋል። በእኔ መኪና ይህን የሚሠራው ካምቢዮው ጋር ያለ፣ ስስ ዲስኮች የተደረደሩበት ፍሪሲዮን ነው። ኮምፒዩተሩ ዲስኮቹን ጠበቅ፣ ላላ እያደረገ ለኋላ ጎማዎች የሚደርሰውን ኃይል ይመጥናል።

እንግዲህ የሱባሩ መመሪያ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊሜትር ብዙም እንዳያልፍ ያዛል። ሂሳቡን በወረቀት ሠርቼ አይቼዋለሁ። የጎማ ጥርስ 1 ሚሊሜትር ሲበላ ዙሪያው 6 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። የተፈቀደልን ይህችው አንድ ሚሊሜትር ናት ማለት ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊሜትር ያህል ጥርስ አለው። 5 ሚሊሜትር በቀራቸው ሦስት ጎማዎች መካከል አዲስ ብንሰካ የዙሪያው ልዩነት ወደ 19 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ኪሎሜትር የተበሉት ከአዲሱ አምስት ያህል ዙር አስበልጠው ይዞራሉ። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆንም ዲስኮቹ እረፍት የላቸውም፤ ይፋጫሉ፣ ዘይቱ ይሞቃል። በሽተኛ በቃሬዛ ሲሸከሙ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ከአራቱ አንዱ ቁመቱ ከሌሎቹ ካልገጠመ የሚላጠው የሁሉም ትከሻ ነው።

ምስማር የነካኝ ለት ጎማ ሻጩን ትቼ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ አሁን ኦሮራ በትንሽ ቦታ የሚሠሩ መካኒክ ናቸው።

"ጋሼ፣ እውነት አራቱንም ልግዛ?"

"መጀመሪያ ይለካ እንጂ ልጄ! ሳይለካ ምን ያስደነግጥሻል?"

ጥልቀት መለኪያዋ ጥቂት ዶላር የምታወጣ ዘንግ ናት። የቀሩት ሦስቱ ጎማዎች ከአዲስ እምብዛም አልራቁም ነበርና በምርትም በስምም አንድ ዓይነት የሆነ አንድ ጎማ ብቻ ገዝቼ ወጣሁ። ሦስቱ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ መንገድ ነበር፤ አዲሱን ጎማ በማሽን ልጦ ከጓደኞቹ ጋር የሚያስተካክል ሻጭ አለ፤ ታየር ራክ አንዱ ነው። በገንዘብ የተገዛ ጎማ መላጥ ያሳዝናል፤ ሦስት ደህና ጎማ ከመጣል ግን ይሻላል። ሦስቱም ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ተቃርበው ከሆነ ግን ሻጩ እውነቱን ነውና ከፍሎ መገላገል ነው።

ሂሳቡ እንዳይመጣ የሚከለክለው ጎማዎቹን እኩል ማስበላት ነው። በየ6,000 ማይል ዘይት ሲቀየር የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ይዛወራል። የአየሩን ግፊት ደግሞ በየወሩ በጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ እለካለሁ። ቅዝቃዜው በ10 ዲግሪ ፋራናይት በጨመረ ቁጥር ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል። ዴንቨር ደግሞ ከሰዓት በኋላ በቲሸርት ወጥተን ማታ በረዶ የምንጠርግበት አገር ነው።

ስለ በረዶው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አራቱ ጎማ መንዳቱ መኪናዋን ያስነሳል፣ ዳገት ያስወጣል። አያቆማትም። ፍሬን በማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማ ላይ ነው፤ በዚህ በኩል የእኔዋ ከኮሮላ የምትበልጥበት ምንም የለም። እንዲያውም አደጋው እዚያ ላይ ነው፤ ስትነሳ ሳትንሸራተት ስለምትነሳ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያዳልጥ ሹፌሩ የሚያውቀው ፍሬን ሲረግጥ ነው። የሚያቆመው ጎማው ነው። የሙቀቱ መጠን ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ላስቲክ ይደርቃል፤ የክረምት ጎማ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን አራት ጎማ በራሱ ቸርኬ አስገጥሜ ጋራዤ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ወጪው መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አንዱ ስብስብ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ሕጉም ይህንን ያውቃል። ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወስደው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ የጎማ ሕግ ይሠራል። አራቱም ጎማዋ የሚነዳ መኪና ብትሆንም ጥርሱ ከ3/16 ኢንች፣ ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ካነሰ አይቆጠርላትም። በዚህ ምክንያት መንገድ የዘጋ ሰው ቅጣቱ ከ650 ዶላር ያልፋል። ያ መንገድ አይዘንሃወር የሚባለውን ዋሻ ይሻገራል፤ 3,401 ሜትር ከፍታ ላይ። የእንጦጦን ጫፍ የሚያስንቅ ቦታ ላይ ቆሞ ሰንሰለት ማሰር የሚያስደስተው ሰው አላውቅም።

ከጎማ ቀጥሎ የዘይት ነገር ይመጣል። የሱባሩ ሞተር ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ ናቸው። ክብደቱ ዝቅ ስለሚል መኪናዋ መንገድ ትይዛለች። ለጥገና ሲመጣ ግን አንድ ደግነትና አንድ ክፋት አለው። የዘይት ፊልትሮው ከላይ፣ ኮፈኑ እንደተከፈተ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው። ካንዴላዎቹ ግን በጎንና በጎን ተሸጉጠዋል፤ እነሱን ለመቀየር ባትሪና የአየር ፊልትሮ ሳጥን ይነሳል። በየ60,000 ማይል የሚመጣ ሥራ ስለሆነ ለጋሼ እተወዋለሁ። የሞተሩ ዘይት 0ደብሊው-20 ሲንተቲክ ነው፤ በየ6,000 ማይል ወይም በየስድስት ወሩ።

ካምቢዮው ሲቪቲ ነው። በማርሽ ፋንታ በሁለት ፑሌጂያዎች መካከል የብረት ሰንሰለት ይሮጥበታል። የአሜሪካው የጥገና መመሪያ ዘይቱ ይታይ ይላል እንጂ በዚህ ማይል ይቀየር አይልም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እሳቸውም ሌሎች መካኒኮችም ወደ 60,000 ማይል ሲቃረብ ያስቀይራሉ። እኔ የመካኒኮቹ ወገን ነኝ፤ የዘይቱን ዋጋ ከአዲስ ካምቢዮ ዋጋ ጋር ያስተያየ ይፈርድልኛል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የሁለቱን ዲፈረንሻሎች ዘይት ነው። የፊቱም የኋላውም ለየራሱ ዘይት አለው፤ ማንም ካልጠየቀ ማንም አያየውም።

ቤንዚን ላይ ኮሎራዶ አንድ ወጥመድ አላት። በአብዛኛው ስቴት ርካሹ ቤንዚን 87 ኦክቴን ነው፤ እዚህ ርካሹ 85 ነው። ልማዱ የመጣው ከከፍታው ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የድሮ ካርቡሬተር ሞተሮች ባነሰ ኦክቴን ይሠሩ ነበር። የእኔ መኪና መመሪያ ግን 87 ይላል፤ ለከፍታ ብሎ የሚቀንሰው ነገር የለም። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት ብለው ሲኩራሩብኝ ከአዲስ አበባ እንደመጣሁ አስታውሳቸዋለሁ። የመሃለኛውን ቁልፍ እጫናለሁ፣ በቃ።

የፊት መስታወት የዚህ አገር ሌላው ግብር ነው። በበረዶ ጊዜ መንገዱ ላይ አሸዋና ማግኒዚየም ክሎራይድ ይረጫል፤ የጭነት መኪና ጎማ ጠጠሩን ያስፈነጥረዋል። አይሳይት የሚባለው የሱባሩ የደኅንነት ዘዴ ያላት መኪና ከሆነች ካሜራዎቹ ከመስታወቱ በስተኋላ ስለሆኑ መስታወቱ ሲቀየር እነሱም እንደገና ይስተካከላሉ፤ ይህ ለብቻው ያስከፍላል። ኢንሹራንስ ሲገዙ የመስታወትና የበረዶ ድንጋይ ጉዳይ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨር ላይ የወረደው የበረዶ ድንጋይ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት አድርሷል።

ይህን ሁሉ ከፍዬ ለምን እንደምወዳት የሚጠይቀኝ የገናን ሰሞን መጥቶ ይይ። የኋላ ወንበሮቿ ሲታጠፉ ሁለት ከረጢት ጤፍ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዴ፣ ከእርሻ ያመጣነው የበግ ሥጋ ከነማቀዝቀዣ ሳጥኑ፣ በላዩ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ብስክሌት ይገባል። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከባድ ዕቃ እስከ ደረት ማንሳት የለም። ሌሊቱን በሽተኛ ሲያነሳ ያደረ ወገብ ይህንን ያመሰግናል።

ያገለገለች ልትገዙ ከሆነ አጭር ምክር አለኝ። እስከ 2011 የተሠሩት 2.5 ሊትር ሞተር ያላቸው ኢምፕሬዛዎች በቴስታታ ጓርኒሲዮን መፍሰስ ይታወቃሉ፤ በ105,000 ማይል የሚቀየር የሞተር ቺንጊያም አላቸው። ከ2012 ወዲህ በቺንጊያው ፋንታ ሰንሰለት ገባ፤ የ2012 እና የ2013ቹ ግን ዘይት ይጠጣሉ ተብሎ ክስ ቀርቦ በ2016 በስምምነት አልቋል። ከሁሉ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መኪናዋን እንደ መያዝ፣ እንደ መንገጫገጭ ካደረጋት በፊትና በኋላው መካከል ያለው ፍሪሲዮን ታሟል። ጎማዎቹ የተለያየ ስም ካላቸውም የቀድሞው ባለቤት እንዴት እንደያዛት ነግሯችኋል። ከተበላሸች ደግሞ የሚጭናት መኪና አራቱንም ጎማ ከመሬት የሚያነሳ ይሁን፤ ሁለቱን አንጠልጥሎ ሁለቱን መጎተት ካምቢዮውን ይጨርሰዋል።

ሁሉም ሰው ይህን መኪና ያስፈልገዋል ብዬ አላምንም። የእህቴ ልጅ አምና ከአዲስ አበባ መጥታ ሱባሩ ካልገዛሁ ስትል ሥራዋ ከቤቷ ጥቂት መብራት አልፎ ነበር፤ መንገዱም ሜዳ ነው፣ በረዶ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ይጠረጋል። የፊት ጎማዋ ብቻ የሚነዳ ኮሮላ እንድትገዛ፣ በተረፋት ገንዘብ አራት የክረምት ጎማ እንድታደርግባት መከርኳት። አደረገችውም። ከጓደኞቿ ጋር ወደ ተራራው መውጣት ሲያምራት ብቻ የእኔን ትዋሳለች። ስትመልሳት ታንከሯን ሞልታ ነው፤ እኔም ደረሰኙ ላይ 87 የሚለውን ሳላይ ቁልፌን አልቀበልም።