ሰፊ ተሽከርካሪ በተሳቢ ላይ፦ የስፋት ዋጋ የት ይከፈላል?

(ለፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ የጋራዥ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ከመንገድ ውጪ እንዲሄድ የተሠራ ሰፊ ተሽከርካሪ በተራ የመኪና ተሳቢ ላይ አልገባ ሲል ምን ይደረጋል? በብየዳ ቤት የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «ፓራፋንጎው ይቆረጥ፣ ወለሉ ይስፋ» የሚል። መልሱ ያጠረው ግን ጥያቄው በከፊል ብቻ ስለ ተጠየቀ ነው። በተሳቢ ላይ የሚገኝ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ስፋት በሌላ ቦታ ዋጋ ይከፈልበታል። ዋጋው በጭነቱ ቁመት፣ በአክስሉ ላይ በሚደርሰው ጉልበት ወይም በሚቀንሰው የመጫን አቅም ይከፈላል። የመሐንዲሱ ሥራ ይህ ዋጋ አደጋ በማያስከትልበት ቦታና ጊዜ እንዲከፈል ማድረግ ነው።

የምንመረምረው ተሽከርካሪ

ውይይታችን ጭብጥ እንዲኖረው አንድ የታወቀ ተሽከርካሪ እንውሰድ። ኤ ኤም ጄኔራል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጦር ሠራዊቱ ከሠራው ተሽከርካሪ በመነሣት እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2006 ለሲቪል ገበያ ያቀረበውና ኋላ ኤች 1 የተባለው ሐመር ለዚህ ተስማሚ ነው። የአካሉ ስፋት 2.20 ሜትር ገደማ ነው። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል፣ ከመሐል እስከ መሐል፣ 1.82 ሜትር አለ። የጎማው ስፋት 32 ሴንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከአንዱ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ውጫዊ ጠርዝ 2.14 ሜትር እናገኛለን። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 3.30 ሜትር ነው። ክብደቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ለስሌታችን 3,300 ኪሎ ግራም እንበል።

በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው ባለ ሁለት አክስል የመኪና ተሳቢ በሁለቱ ፓራፋንጎዎች መካከል 2.10 ሜትር ያህል ስፋት አለው። ልዩነቱ አራት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሰዎችን የሚያሳስተውም ይኸው የልዩነቱ ማነስ ነው።

ክብደት ከስፋት ይቀድማል

ስለ ስፋት ከመናገራችን በፊት አንድ ነገር ማጥራት አለብን። ተራው ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ሁለት 3,500 ፓውንድ የሚሸከሙ አክስሎች አሉት፤ ጠቅላላ የተፈቀደለት ክብደት 3,175 ኪሎ ግራም ነው። ተሳቢው ራሱ 950 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን ለጭነት የሚቀረው 2,225 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ሐመሩ በስፋት ባይከለከል እንኳ በክብደት ይከለከላል። እንዲህ ያለውን ተሳቢ ማስፋት ሊሸከመው ለማይችለው ጭነት በር መክፈት ነው።

ደግሞም በተሳቢ ላይ ብረት መጨመር የተፈቀደለትን ጠቅላላ ክብደት አይጨምርም። የተጨመረው ብረት ከጭነቱ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምንናገረው እያንዳንዳቸው 3.2 ቶን ገደማ የሚሸከሙ ሁለት አክስሎች ስላሉትና በሁሉም ጎማዎቹ ላይ ፍሬን ስለ ተገጠመለት ተሳቢ ነው። ከነማሻሻያው 1,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከነጭነቱ 4,500 ኪሎ ግራም ይሆናል እንበል። ጎታቹ መኪናም ይህን ለመጎተት የተፈቀደለት መሆን አለበት።

ወደ ውጪ መስፋት ለምን አይቻልም?

በአሜሪካ ብሔራዊ የጭነት መንገዶች ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሄድ ተሽከርካሪ ስፋት ከ102 ኢንች፣ ማለትም ከ2.59 ሜትር፣ መብለጥ የለበትም። ከዚህ ላይ በፓራፋንጎዎቹ መካከል ያለውን 2.10 ሜትር ብንቀንስ ለእያንዳንዱ ጎን የሚቀረው 24.5 ሴንቲሜትር ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ የተሳቢው ጎማ፣ ክፍተቱና ፓራፋንጎው መግባት አለባቸው።

አሁን ሐመሩን በፓራፋንጎዎቹ መካከል ለማስገባት እንሞክር። 2.14 ሜትሩ ላይ በእያንዳንዱ ጎን አምስት ሴንቲሜትር ትርፍ ብንጨምር 2.24 ሜትር ያስፈልገናል። ለእያንዳንዱ የተሳቢ ጎማ የሚቀረው 17.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህን ክብደት የሚሸከም ጎማ ግን ስፋቱ 23 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በውስጥ ጭነቱ፣ በውጪ ሕጉ ያጥሩናል፤ የሚቀረን አቅጣጫ ወደ ላይ ነው።

ጠቅላላ ስፋቱ ገና ከወሰኑ ያልደረሰ ጠባብ ተሳቢ ያለው ሰው ጎማዎቹን በማራቂያ ቀለበት ወይም ወደ ውጪ በወጣ ቸርኬ ማራቅ ይቃጣው ይሆናል። ዋጋውን እናስላ። ከ4,500 ኪሎ ግራሙ 12 በመቶው በማያያዣው ላይ ቢያርፍ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ 990 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 9.7 ኪሎ ኒውተን፣ ይደርሰዋል። ከባሌስትራው መሐል እስከ ጎማው መሐል 20 ሴንቲሜትር ቢሆን በአክስሉ ላይ የሚደርሰው የማጉበጥ ሞመንት 1.9 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ጎማውን ብቻ በ10 ሴንቲሜትር ብናርቀው 2.9 ይሆናል። ጭነቱ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይጨምር የአክስሉ ሸክም በግማሽ አድጓል፤ ኩሽኔታውም ካልታቀደለት አቅጣጫ ይጫናል። አክስል የሚሰፋ ከሆነ በልኩ የተሠራ ሙሉ አክስል ተገዝቶ፣ ባሌስትራዎቹም አብረው ወደ ውጪ መውጣት አለባቸው።

ወደ ላይ የሚወስዱ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ወለሉ ከጎማዎቹ በላይ የሆነ ተሳቢ መጠቀም ነው። ሁለተኛው በነባሩ ወለል ላይ ከፓራፋንጎው ቁመት የሚተካከሉ ሁለት ከፍ ያሉ መሄጃዎችን መሥራት ነው። ሦስተኛው ፓራፋንጎውን የተሽከርካሪ ጎማ ሊረግጠው በሚችል ጠንካራ ድልድይ መተካት ነው። በስፋት በኩል ሦስቱም ይሠራሉ። ልዩነታቸው የሚታየው በመገልበጥ ወሰናቸው ነው።

የመገልበጥ ወሰን በቀላል አነጋገር በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ለክብደት ማዕከሉ ቁመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 0.96 ቢሆን፣ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ 96 በመቶ ሲደርስ የውስጥ ጎማዎቹ መሬት ይለቃሉ ማለት ነው። የሐመሩ የክብደት ማዕከል ከጎማው ሥር 85 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል ብለን ሦስቱን እናወዳድር።

በሦስተኛው መንገድ ተሽከርካሪው በጉዞ ጊዜ 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው ነባር ወለል ላይ ይቆማል። የተሳቢው የራሱ የክብደት ማዕከል 50 ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን የጋራው ማዕከል 1.20 ሜትር ላይ ይውላል። የተሳቢው ጎማዎች በ2.30 ሜትር ተራርቀው ስለሚቆሙ ወሰኑ 0.96 ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ ተሽከርካሪው ሌላ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ወሰኑም ወደ 0.81 ይወርዳል። በመጀመሪያው መንገድ ወለሉ 90 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ጎማዎቹም ከወለሉ ሥር ስለሚገቡ ርቀታቸው 1.90 ሜትር ይሆናል። ተሳቢው 1,400 ኪሎ ግራም ቢመዝንና ማዕከሉ 65 ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን ወሰኑ 0.67 ነው። የባሌስትራና የጎማ መተጣጠፍ እነዚህን ቁጥሮች በእውነተኛ መንገድ ላይ ይበልጥ ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ያው ነው።

የሦስተኛው መንገድ ብልጫ የሚመነጨው ተሽከርካሪው ከፍ የሚልበት ጊዜ አጭር ከመሆኑ ነው። የባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ፓራፋንጎ ርዝመት 1.80 ሜትር ያህል ነው። የሐመሩ የፊት ጎማ የኋላ ጠርዝና የኋላ ጎማ የፊት ጠርዝ በ2.36 ሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹ ድልድዩን አልፈው ከፊቱ ይወርዳሉ፤ የኋላዎቹም ከድልድዩ ወዲህ ይቀራሉ። ከፍታው የሚኖረው ተሳቢው ቆሞ ሳለ በመጫንና በማውረድ ጊዜ ብቻ ነው።

ድልድዩ እንዴት ይሠራ?

ተራ ፓራፋንጎ ጭቃ የሚከላከል ላሜራ ነው። በድልድይነት የሚያገለግለው ግን የአንድ የፊት ጎማ ጭነት፣ ማለትም 825 ኪሎ ግራም ያህል፣ ያርፍበታል። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ የሚፈጠረውን ምት ለመቻል ቢያንስ የዚህ እጥፍ ሊታሰብለት ይገባል። ይህን ጭነት የሚቀበሉት ከተሳቢው ዋና ሻንሲ የሚነሡ አግዳሚ ብረቶች እንጂ የወለሉ ጠርዝ መሆን የለበትም።

ብየዳው የት እንደሚያርፍም መታወቅ አለበት። የሻንሲው ብረት ሲጎብጥ ከፍተኛው ውጥረት በላይኛውና በታችኛው ጠርዙ ላይ ነው። በማያያዣውና በአክስሎቹ መካከል የታችኛው ጠርዝ ይሳባል፤ ከአክስሎቹ ኋላ ደግሞ የላይኛው። በሚሳብ ጠርዝ ላይ የተደረገ አቋራጭ ብየዳ በብረት ድካም የሚጀምር ስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ አግዳሚዎቹ ውጥረቱ አነስተኛ በሆነበት በሻንሲው ቋሚ ግድግዳ መካከል ቢያያዙ ይመረጣል።

በተሳቢው ጎማና በድልድዩ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው ባዶ ሳለ አይደለም። ጭነቱ ሲያርፍ ባሌስትራው ይታጠፋል፤ ጎማው ወደ ድልድዩ ይጠጋል። ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ታጥፎ እንኳ ጎማው ብረቱን መንካት የለበትም። የሚፈትግ ጎማ ይግላል፣ ይፈነዳል።

የሐመሩ ጎማዎች ከነባሩ ወለል በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሴንቲሜትር ስለሚወጡ ከድልድዩ ፊትና ኋላ ወለሉ በጥቂት ሴንቲሜትሮች መቀጠል ይኖርበታል። ተሽከርካሪው ሲወጣም ክብደቱ መጀመሪያ ከአክስሎቹ ኋላ ስለሚያርፍ የተሳቢው የፊት ጫፍ ጎታቹን ወደ ላይ ያነሣል፤ ከጭራው ሥር የሚቆሙ ድጋፎች የግድ ናቸው።

የሠላሳ ሴንቲሜትር ጉዳይ

ድልድዩ ተሽከርካሪው የት ሊቆም እንደሚችል ይወስናል። በ2.36 እና በ1.80 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት 56 ሴንቲሜትር ስለ ሆነ ተሽከርካሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ የምንችለው በዚህ ውስጥ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው፣ ማለትም ከ450 እስከ 675 ኪሎ ግራም፣ በማያያዣው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ሲያንስ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እየተወዛወዘ ጎታቹን ከመንገድ ሊያስወጣ ይችላል። ሲበዛ ደግሞ የጎታቹ የፊት ጎማዎች ይቀልሉና መሪው ይሰንፋል።

ከማያያዣው እስከ አክስሎቹ መሐል 4.5 ሜትር ቢሆን፣ ተሽከርካሪውን በ10 ሴንቲሜትር ማንቀሳቀስ የማያያዣውን ክብደት በ73 ኪሎ ግራም ይለውጠዋል። ስለዚህ ከ56 ሴንቲሜትሩ ውስጥ ትክክለኛው ስፍራ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያ 30 ሴንቲሜትር ድልድዩ ከሚፈቅደው ስፍራ ጋር መገጣጠሙ ከመበየድ በፊት በስሌት፣ ከተሠራ በኋላም በሚዛን መረጋገጥ አለበት። ሳይረጋገጥ ከቀረ ብየዳው የቱንም ያህል ቢያምር ተሳቢው አደገኛ ነው።

ማሰርና ማብራት

በአሜሪካ ለንግድ ጭነት የወጣው ደንብ የማሰሪያዎቹ የተፈቀደ አቅም በድምሩ ከዕቃው ክብደት ግማሽ እንዳያንስ ያዛል። ለእኛ ምሳሌ ይህ 1,650 ኪሎ ግራም ነው። ማሰሪያዎቹ ወደ ፊት የክብደቱን 0.8፣ ወደ ጎን 0.5 በሚያህል ኃይል ሊበጠሱ አይገባም። ለግል ጉዞም ቢሆን ይህ ጥሩ መለኪያ ነው። ማሰሪያው የሚያዘው ከዋናው ሻንሲ እንጂ በኋላ ከተቀጠለው የወለል ጠርዝ መሆን የለበትም።

ስፋቱ 80 ኢንች፣ ማለትም 2.03 ሜትር፣ የደረሰ ተሳቢ ስፋቱን የሚያሳዩ መብራቶች፣ ከፊት ቢጫማ ከኋላ ቀይ፣ ያስፈልጉታል። ማሻሻያው የተሳቢውን ሰፊ ጠርዝ ከለወጠ መብራቶቹም አብረው ይዛወራሉ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላም ቆሞ የጎማ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ የብየዳውን ጠርዝ ማየትና የጎማውን ክፍተት መለካት የሥራው ክፍል ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ የምሳሌያችን ተሽከርካሪ በአገራችን መንገዶች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ተሳቢን ቆርጦ የመቀጠል ሥራ ግን ለአገራችን ብየዳ ቤቶች እንግዳ አይደለም። ወደፊት አንድ ሰው «ይህን ትንሽ አስፋልኝ» ብሎ ሲመጣላችሁ ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፤ ከነጭነቱ ስንት ይመዝናል? ጭነቱ በጉዞ ላይ ምን ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል? በማያያዣው ላይስ ስንት ኪሎ ያርፋል? ለሦስቱም በቁጥር መልስ ካልተገኘ ብረቱ አይቆረጥ።