ሰባት ቤት በእግር

የቤተሰባቸውን የትውልድ ሐረግ ለማወቅ የሚነሱ ሰዎች፣ በተለይ በውጭ አገር ተወልደው ያደጉት፣ የቃል ታሪክ ለምንሰበስብ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፦ አያቴ የተወለዱበትን መንደር እንዴት ላግኘው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ሥሩ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይመስለዋል። በሰሜኑ ደጋ የአንድ ሰው ወገን በብዙ አጥቢያዎች ተበትኖ ነው የሚገኘው፤ የሚያያይዛቸውም የእግር መንገድ ነው። ሥሩን የሚፈልግ ሰው መኪናውን ከአስፋልቱ ዳር ትቶ፣ የሚቻል ሲሆን ብቻውን፣ በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ከጋብቻ ይጀምራል። በልማዳችን እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ጎረቤቱ ሁሉ በደም በተሳሰረበት ቀበሌ ይህ ደንብ ሙሽራዋን ከወንዝ ማዶ ያስመጣል፤ አማች ከአማች በእግር ወይም በበቅሎ ተጠያይቆ ከሚመለስበት አገር ማለት ነው። ርስትም፣ ማለትም በትውልድ የሚገኘው የመሬት መብት፣ የቆመው በዚሁ በጋብቻ በተሳሰረ ዝምድና ላይ ነበር። የሥነ ሰብእ ተመራማሪው አላን ሆበን ጎጃም ውስጥ በዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ መሬት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚ አባት በመወለድ ነበር። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአንድ ጊዜ የብዙ አቅኚ አባቶች ልጅ ነበረ። ስማችን ግን በአባት ብቻ ወደ ላይ ስለሚቆጠር ሴቶቹን ሁሉ ከነወገናቸው ይጥላቸዋል። መዝገብም ብዙ አይረዳም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰውን የምታነሣው በክርስትና ስሙ ነው። የሴት አያቶችን ወገን የሚያውቁት እነሱ ተድረው በመጡበት መንገድ ዳርና ዳር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። መንገደኛን ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ ደግሞ የአገሩ ወግ ነው። አቧራ አስነሥቶ የሚያልፍን መኪና ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ከዘመድ ጋር የሚሄደውም ቢሆን፣ አብሮት ያለው ዘመድ ቀድሞ ይመልስለትና ወደ ራሱ ወገን ብቻ ይመራዋል።

የቃል ትውልድ አይታመንም የሚል ክርክር ይነሣል፤ እውነትም አለበት። ባለርስት ለሙግት የሚቆጥረው መሬት የሚያስገኝለትን ሐረግ ነበር፤ የማይጠቅመውን ይረሳል፣ አንዳንዴም የሌለውን ይቀጥላል። መፍትሔው ግን አንድ ሽማግሌ ሰምቶ አለመመለስ ነው። በአንዱ አጥቢያ የተነገረው በማዶኛው አጥቢያ፣ በተለይ ደግሞ ከሴቶች አፍ፣ ሲደገም ወይም ሲፈርስ ይታወቃል፤ ይህን ማመሳከር ቀላል የሚሆነውም በየአጥቢያው እያደረ ለሚሄድ ሰው ነው። የዘረመል ምርመራ ይበቃል ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፦ ምርመራው የዝምድናን ቅርበት ይናገራል፤ የቅድመ አያትን ስምና ደብር አይናገርም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሰላም ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ማንንም ብቻህን ሂድ ብዬ አልመክርም፤ ለሐረግ ተብሎ ነፍስ አይጣልም። ሰላም ባለበትም ቢሆን ስለ ትውልድ የሚጠይቅ እንግዳ መሬት ፈላጊ ሊመስል ይችላል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ቢሽርም ሥጋቱን አላጠፋውም፤ ዛሬ ባለመሬቱ የይዞታ ደብተር በእጁ ይዞ እንኳ ይጠረጥራል። ስለዚህ መንገደኛው መጀመሪያ ለቀበሌው፣ ቀጥሎ ለአጥቢያው ካህን ማንነቱን ያስረዳ፤ መሬት እንደማይጠይቅም ሳይጠየቅ ይናገር።

መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ የማይችል ነገር ግን አለ። ርስት ሲሻር ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል፤ በሙግት አደባባይ ትውልድ ሲቆጠር ከሰሙት ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ጉዞው ቢዘገይም ዛሬውኑ ለእናትህ ወይም ለአክስትህ ደውል። የሴት አያቶችህን የዓለምና የክርስትና ስም፣ የተዳሩበትንና የተወለዱበትን አጥቢያ ጠይቀህ በደብተር ጻፍ፤ አንዱንም ቅጂ እዚያው አገር ቤት ላሉት ዘመዶችህ ላክ።